ከእግሯ ሥር የሚሣለው

በአንድ ወቅት፣ ጣና ዳር ባለች ከተማ፣ አለቃ እንግዳ የሚባሉ ሠዓሊ ነበሩ። የደብሩን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል ሊያድሱ ወደ ቤታቸው በወሰዱ ሰሞን ጠፉ። ሥዕሉ ግን አንድ ማለዳ ደጀ ሰላሙ ላይ ተደግፎ ተገኘ። ሰው ሁሉ «አለቃ መንነው ነው» አለ። ሦስቱ ልጆቻቸው ግን እንቅልፍ አጡ።

የበኩር ልጃቸው ታደገ ሥዕሉን አይቶ ደነገጠ። በጥንት ሠዓሊዎች ልማድ ጻድቅ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉ ሰው ግን በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ይሣላል። እዚህ አንዱ መልአክ ባለ አንድ ዓይን ነበር፤ ጉንጩ ላይም የጥንት ዕቃ ነጋዴው የድልነሳው ጠባሳ አለ።

«ይህ ቅጂ ነው። ድልነሳው አባቴን አግቶ አስቀድቷቸዋል፤ በሥዕሉ እየጮኹ ነው» አላቸው ለደብሩ አስተዳዳሪ።

«ብትሳሳት አወግዝሃለሁ!»

ታደገ ጣቱን አርጥቦ የመልአኩን ፊት ፈተገው። ለዘመናት የደረቀ ቀለም አይለቅም፤ ይህኛው ግን ጣቱ ላይ ለቀቀ። አስተዳዳሪው አማተቡ።

«ዝም ይበሉ» አለ ታደገ፤ «ከተሰማ ይገድላቸዋል።»

እህቱ የሻረግ ሌላ አገር ስለኖረች ድልነሳው አያውቃትም። በወጥ ቤት ሠራተኛነት ቤቱ ገባች። ከጓዳው ጀርባ፣ ከውጭ ከተቀረቀረ በር ውስጥ፣ የአባቷን ሳል ሰምታ በቀስታ ጠራቻቸው።

«ሂጂ ልጄ» አሉ አለቃ በሹክሹክታ። «አሁን የሚያስቀዳኝን ሸራ ስጨርስ አያስተርፈኝም።»

ዞር ስትል ድልነሳው ከኋላዋ ቆሟል።

«ከማን ጋር ነው የምታወሪው?»

«ድመት እየጠራሁ ነው፣ ጌታዬ።»

ዓይኗን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከቁጣው ይልቅ አስፈራት።

ታናሽየው ጓዴ እንደ አባቱ ሠዓሊ ነው፤ ቁመናውም የእሳቸው። ድልነሳው ከእንግዶቹ ጋር ምሳ ላይ ሳለ፣ እህቱ በጓሮ አስገባችው። የአባቱን ጋቢ ለብሶ፣ ለበሩ ጀርባውን ሰጥቶ ሸራው ፊት ተቀመጠ።

«አንተን ትቼ?» አሉ አለቃ።

«ክፍሉን ባዶ ካገኘው መንገድ ላይ ይደርስብናል። ይሂዱ፣ አባባ።»

በሩ ክፍት ከታየ ሁሉም ማለቃቸው ነው። ስለዚህ የሻረግ በገዛ እጇ በወንድሟ ላይ ቀረቀረችው።

ብዙም ሳይቆይ ድልነሳው ገባ። ከጓዴ ኋላ ቆሞ ብሩሹን ሲመለከት ቆየ።

«ዛሬ እጅህ አይንቀጠቀጥም» አለ።

ጓዴ መሣሉን አላቆመም። ሽጉጡ ሲቀባበል ሰማ።

ታደገ የአባቱን መውጣት አይቶ፣ ፖሊስ ጠርቶ የደረሰው ተኩሱ ሲሰማ ነው። ድልነሳው ተያዘ፤ እውነተኛው ሥዕልም ከድልነሳው አልጋ ሥር ወጣ። ጓዴ ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እጁ ግን ዳግመኛ ብሩሽ አልጨበጠም።

በዚያ ደብር ለሥዕሉ ውለታ የዋለ ሰው ከእመቤታችን እግር ሥር ተንበርክኮ ይሣላል። የቀረው ቦታ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አለቃ ቀለም በጥብጠው ልጆቻቸውን ተመለከቱ። ታደገ «እኔ ውጭ ነበርኩ» አለ። የሻረግ «የቀረቀርኩት እኔ ነኝ» ብላ አለቀሰች። ጓዴ በግራ እጁ ብሩሹን ለአባቱ አቀበለ።

ያለ ታደገ አለቃን ማንም አይፈልጋቸውም፤ ያለ የሻረግ ማንም አያገኛቸውም፤ ያለ ጓዴ በሕይወት አይወጡም ነበር። ብሩሹ በእናንተ እጅ ቢሆን፣ ማንን ትሥላላችሁ?