አቶ ዳምጠው ያሠለጠኗት ኤዲተር

አንድ ቀን በቡሬ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ካለ ፎቅ ላይ፣ እንየው የሚባል ፕሮግራመር እንጀራው ትቀጥል ወይ ትበጠስ የሚቆረጥበት ሰዓት ደረሰበት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ አቶ ዳምጠው ናቸው። አቶ ዳምጠው ማለት በአገሩ ኮምፒውተር የነካሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ የሚሉ፣ የማያውቁት ነገር ሲነገራቸው ደግሞ «እሱን እኮ ድሮ ትቼዋለሁ» ብለው የሚያልፉ ሰው ናቸው።

ሰውየው አንዲት ኤዲተር አለቻቸው። ኤዲተር ማለት ፕሮግራመር ኮዱን የሚጽፍባት ዕቃ ናት፤ ለገበሬ ሞፈር እንደማለት ነው። ሌላው ሰው ኤዲተሩን እንዳገኛት ይሠራባታል። የአቶ ዳምጠው ግን ጉደኛ ናት። ያልወደዱላትን ነገር ራሳቸው ትንሽ ኮድ ጽፈው ይለውጡላታል፣ የጎደላትን ይጨምሩላታል፤ አይለወጥም፣ አይጨመርም የሚባል ነገር የላትም። እሳቸውም መለወጥ ጀመሩ። ክረምት ገብቶ ወጣ፣ ሌላም ገብቶ ወጣ፣ መለወጡን አላቆሙም። የኪቦርዱን ቁልፎች ሥራ አንዱን ከሌላው አቀያየሩት። ለትንሽ ትእዛዝ ሁለት ጣት፣ ለመካከለኛ አራት ጣት፣ ለትልልቆቹ ክርን ጭምር ያስፈልጋል። አንድ ጊዜ አስነጥሷቸው ግንባራቸው ኪቦርዱ ላይ ቢያርፍ ኤዲተሯ የከተማውን መብራት አጠፋች ይባላል። መብራቱ በዚያ ሰዓት መጥፋቱ እውነት ነው፤ ማን እንዳጠፋው ግን እስካሁን አልተጣራም።

እንየው ሲቀጠር አለቃው አንድ ሕግ አወጁለት። ፕሮግራመር የሆነ ሰው ኤዲተሩን በእጁ ልክ ሳያሰፋ አንዲት መስመር ኮድ እንዳይጽፍ። እንየውም እሺ ብሎ ጠዋት ቁልፍ ያጠናል፣ ከሰዓት ኤዲተሯን እንደ ልብስ ሰፊ ይለካል፣ ይቀድዳል፣ ይሰፋል። ዛሬ ያጠናውን ትእዛዝ በማግስቱ አቶ ዳምጠው አሻሻልኩት ብለው ሌላ ቁልፍ ላይ ይወስዱበታል፤ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ነገሩ ጣቱ ውስጥ ገብቶ ቤቱም ተከተለው። እራት ላይ ትሪውን በሁለት ጣት ተጭኖ ይዞ በሦስተኛው ወጡን ሊያጠቅስ ሲታገል ታላቅ ወንድሙ አየውና ጠበል ይወሰድ ብሎ ዘመድ ሰበሰበ።

ይሠራ የተባለው ሥራ ደግሞ ይኸን ያህል የሚያስፈራ አልነበረም። የወፍጮ ቤት ወረፋ ነው። ያዘዙት የሴቶች ወፍጮ ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ ትኩነሽ ናቸው። በእሳቸው ወፍጮ ቤት ሰው ወረፋ የሚይዘው ድንጋይ አስቀምጦ ነው። ማልዶ ይመጣል፣ ድንጋዩን ከመስመሩ ያሰልፋል፣ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ችግሩ ድንጋይ ከድንጋይ ይመሳሰላል። ባለቤቱ ሲመለስ የፊተኛው ድንጋይ የኔ ነው የሚል አምስት ሰው ይገጥመዋል፤ ሁሉም የድንጋዩን መልክ እንደ ልጁ መልክ ያውቀዋል፤ ሁሉም ይምላል። ክርክሩ ሲያይል ወረፋው ከመሬት ይነሣና እጅ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ወይዘሮ ትኩነሽ የመጣውን ሰው በስሙ መዝግቦ በተራው የሚጠራ ፕሮግራም ይሠራልኝ ካሉ ከርመዋል።

የዚያን ዕለት የእንየው የሙከራ ጊዜ ያልቃል። እንየው ለትዳር ሽማግሌ ልኮ ነበር። የልጅቱ አባት ሽማግሌዎቹን በደንብ አስተናግደው፣ አብልተው አጠጥተው፣ ሥራው ቋሚ ሲሆን ተመለሱ ብለው ሸኝተዋቸዋል። እንግዲህ የእንየው ሥራም ሚስትም በአንዲት ቀን ላይ ተንጠልጥለዋል።

ወይዘሮ ትኩነሽ ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ገቡ። ጠዋት በወረፋ የተፈነከተ ሰው ጤና ጣቢያ አድርሰው መምጣታቸው ነው። ሥራዬስ የት ደረሰ ብለው ጠየቁ። አቶ ዳምጠው አገጫቸውን ወደ እንየው ቀሰር አደረጉ። ይኸ ልጅ ነው ያስዘገየው፣ ኤዲተሯን መልመድ አቅቶታል፣ ዛሬ አሰናብቼው ሌላ እጀ ፈጣን አመጣለሁ አሉ። እንየው ከወንበሩ ብድግ አለ። ኤዲተሯ እኮ እንዲያው ሳትቀደድ ሳትሰፋም ኮድ ታስጽፋለች፣ ይፈቀድልኝና ልጀምር ብሎ ለመነ።

አቶ ዳምጠው የሞተች እናታቸው የተሰደበች ያህል አንገበገባቸው።

«አንተ ምን ፊት እንደተቀመጥክ አታውቅም» አሉት። «ይቺ ኤዲተር የማትችለው ነገር የለም። እስቲ አንድ፣ አንድ ብቻ የሚያቅታት ነገር ንገረኝ። ከነገርከኝ እዚሁ እትዬ ትኩነሽ ፊት ቋሚ ሠራተኛ አደርግሃለሁ። ካልነገርከኝ ግን ጨርቄን ማቄን ሳትል ደረጃውን ትወርዳለህ።»

ወይዘሮ ትኩነሽ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እኔ ምስክር ነኝ፤ ቀጥሉ» አሉ።

እንየው አሰብ አደረገና የጾም መግቢያ አታውቅም አለ። አቶ ዳምጠው ጣታቸውን እንደ በገና ደርዳሪ ሲያርገበግቡት የፍልሰታ መግቢያ ከነቀኑ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ። ደብዳቤ አትቀበልም አለ፤ የአቶ ዳምጠው ደብዳቤዎች ያልተከፈቱት ከተከፈቱት በዝተው ተዘረገፉ። ጨዋታ አታጫውትም አለ፤ ገበጣ አወጣችና እዚያው አሸነፈችው። መዝፈን አትችልም ቢል ነው ሰውየው ትንሽ ቆም ያሉት። ወዲያው ግን ጎንበስ ብለው ጥቂት መስመር ጻፉ። ኤዲተሯ ጉሮሮዋን እንደታመመች ዶሮ እየተቆራረጠች እስክስታ የሚያስመታ ዜማ ለቀቀች። የወይዘሮ ትኩነሽ ትከሻ ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ነካ ነካ ማለት ጀመረ፤ ወዲያው ያ የተፈነከተው ሰው ትዝ አላቸውና ትከሻቸውን በእጃቸው ያዙት።

እንየው ነገሩ ያን ጊዜ ገባው። ለካ የማትችለውን መጥራት ዋጋ የለውም። የጠራውን ሁሉ እሳቸው እዚያው ያስተምሯታል። አይጥ አትይዝም ቢል ጥፍር ያበቅሉላታል፤ ውኃ አትቀዳም ቢል እንስራ ያሸክሟታል። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ጫፍ ላይ ቆመ። የልጅቱ አባት በር ፊቱ ላይ ድቅን አለ፤ ሲዘጋም ሰማው።

አቶ ዳምጠው ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተንጋለሉ። «ጨነቀህ አይደል» አሉት። «ፈልግ፣ ፈልግ። ይቺ ልጅ ለኔ ያላደረገችልኝ ምን አለ?»

እንየው ወደ ኤዲተሯ አየ። ወደ አለቃው አየ። ባዶ እጃቸውን ወደተቀመጡት ወደ ወይዘሮ ትኩነሽም አየ።

«አንድ ነገር አለ ጋሼ» አለ። «እርስዎን ሥራ ማስጀመር አቅቷታል።»

ወይዘሮ ትኩነሽ አፋቸውን በነጠላቸው ደፈኑ። ነጠላው ግን ሳቁን አልቻለውም፤ ሾልኮ ወጥቶ ደረጃውን ወረደና ከታች ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገባ። እዚያ ያሉት ሰዎችም ምኑም ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። ሴትዮዋ ትንፋሻቸው ሲመለስ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «መስክሬያለሁ» አሉ። «በል ልጄ፣ ተቀመጥና ያንን ወረፋዬን ጻፍልኝ።»

አቶ ዳምጠው ይቆጣሉ ተብሎ ሲጠበቅ አልተቆጡም። ቃላቸውንም አላጠፉም፤ እዚያው በተቀመጡበት የቋሚነት ደብዳቤውን ፈርመው ማኅተም መቱለት። ዓይናቸው ግን እንየው ላይ አልነበረም። አዲስ የጎደለ ነገር እንዳገኘ ሰው በርቶ ኤዲተሯ ላይ ተተክሏል። «ይኸማ ይቻላል» አሉ ለራሳቸው፤ «ሥራ የምታስጀምረኝ አንዲት ቁልፍ ነው የምትጎድለው።» ወንበራቸውን ጠጋ አድርገው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ቁልፏን ማበጀት ያዙ።

እንየው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ኤዲተሯን እንዳገኛት ከፍቶ፣ ምንም ሳይቀድድ ሳይሰፋ፣ የወረፋውን ኮድ ጽፎ ጨረሰ። ወፍጮ ቤቱ ዛሬ ሰውን በስሙ ይጠራል፤ ድንጋዮቹም ተሰብስበው አጥር ሆነዋል። ሽማግሌዎቹ ሁለተኛ ሄደው በተቀመጡበት እሺ ተብለዋል።

አቶ ዳምጠውም ቢሆን ሥራ የምታስጀምራቸውን ቁልፍ ሠርተው ከጨረሱ ሰነበቱ። ከመጫናቸው በፊት ግን ትንሽ የሚያስተካክሉላት ነገር አለ ይላሉ።