ሰላምታ የሰለቻቸው ጉንዳኖች

ተረት ተረት፤ ጋቢ ያለው ይደርብ። ኤሌክትሮን የሚባሉ ጉንዳኖች እንደ ቀለበት በተጠማዘዘች ሽቦ ውስጥ ይኖሩ ነበር። በመንገዱ ዳር የተቀመጡት አተም የሚባሉ ኤሊዎች ግን አንገታቸውን እያሰገጉ፣ «እንዴት አደራችሁ? ልጆቹ ደህና? ከብቶቹስ?» እያሉ አላሳልፍ አሏቸው። ከመሳሳሙ ብዛት ሽቦዋ ትፋጅ ነበር።

ጉንዳኖቹ ተማርረው «ብርድ ላክባቸው» ብለው ጸለዩ። ብርዱ መጣ። ኤሊዎቹ አንገታቸውን ቀበሩ፤ ጉንዳኖቹም ሁለት ሁለት ሆነው ተቃቅፈው ከነፉ።

«ቤታችንን አለፍነው እኮ» አለች አንዷ።

«ግድ የለሽም፤ ዞሮ ዞሮ ከቤት ነው» አለቻት ያቀፈቻት።

ዞረው ደረሱ፤ የሚያስቆማቸው ግን አልነበረም። እስከ ዛሬ ይዞራሉ።

ተረቴን መልሱ፤ መንገድ ላይ ካገኛችኋቸውም ሰላም በሉልኝ።