ዳክዬና የኩሬው ጭረት

ተረቴ ደጃችሁ ቆማለች፤ ግቢ በሏት። ያቀበለችኝ ውሃ ስንቀዳ የማትለየኝ እትዬ በለጥሻቸው ናት።

በአንድ አገር እንስሳት ኩሬያቸውን ራሳቸው ሊጠብቁ ተስማሙ። አጋዘን እንጨት ላይ በቀንዱ ጭረት አወጣ፤ እንጨቱንም ኩሬው ውስጥ ተከሉት። ውሃው ከጭረቱ በታች ከወረደ ሁሉም በቀን አንዴ ብቻ ሊጠጣ ማለ። ጭረቱን እያየች እንድትናገር እንቁራሪትን መረጡ፤ ከውሃው አትጠፋማ።

ከዚያ ወዲያ ጎሹም አጋዘኑም ሲመጡ «እመት እንቁራሪት፣ ውሃችን እንዴት አደረ?» ማለት ሆነ። ዳክዬን ቅናት አንገበገባት። ክንፍ ያላወጡ ጫጩቶቿን ይዛ እዚያው ስትንሳፈፍ እሷን ማን ይጠይቃት!

«ትናንት ጅራቷን ስትጎትት የማውቃት፣ ዛሬ እመት ተባለች!» አለችና ሌሊት ሁሉም ተኝተው ሳለ እንጨቱ ጫፍ ላይ ወጥታ እየዘለለች ጭቃው ውስጥ አሰጠመችው። ጭረቱም ውሃ ውስጥ ገባ።

ጠዋት እንቁራሪት እንስሳቱን «ኧረ ውሃው ወርዷል፤ ሆዴ ጭቃ ነካ!» አለቻቸው።

ዳክዬ ቀበል አድርጋ «ጭረቱ ውሃ ውስጥ አይደል እንዴ? ዓይንሽን ምን ነካው እቴ?» አለቻት።

እንስሳቱ ጭረቱን አዩ፤ በእንቁራሪት ሳቁባት። እስኪበቃቸው ጠጡ፤ በማግስቱም ከዚያም ወዲያ እንደዚያው ጠጡ።

ኩሬው ደረቀ። ጎሹና አጋዘኑ ሩቅ ወንዝ ወረዱ። እንቁራሪት ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ክረምትን ጠበቀች። ዳክዬ በርራ ወንዙ ጋ ደረሰች፤ ጫጩቶቿ እዚያው ኩሬው ውስጥ ቀሩ።