ሎሚ እንዴት ጌጥ ሆነ

ሎሚን ከጌጥ ጋር የሚያነሳ አንድ ተረት አለን። ለዕድርተኛውም፣ ለተኳረፈ ወንድማማችም፣ ደቦ ለሚሸሽ ሰነፍም እንመዘዋለን። ታዲያ ሎሚ ይጨመቃል እንጂ መቼ ጌጥ ሆኖ ያውቃል ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለጠየቀ ግን መልሱ ያለው ከአንድ የባለእጆች መንደር ነው።

ሃምሳ ቤት ያለው ይህ መንደር ነሐስ ሠሪው፣ ሸማኔውና ጠላፊው ሁሉ አብሮ የሚኖርበት ነበር። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይላል ሌላው ሰው፤ ለእነሱ ግን ነገሩ ከቀሚስም በላይ የእንጀራ ጉዳይ ነው። በሚያዝያ ልጅ የሚድር ወላጅ ሁሉ ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርዶ ጌጥ እያየ ሠሪ ይመርጣል። በዚያ ቀን ያልደመቀ መንደር ዓመቱን ሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ያለፈውን ዓመት ሥራ ከወንዙ ማዶ ያለው መንደር ባለእጆች ጠራርገው ወስደውባቸዋል።

«የዘንድሮውን ለእኔ ተዉት!» አለች ይርገዱ። ይርገዱ ካባ ጠላፊ ናት፤ እስክስታዋን አገር ያወቀላት፣ እሷም ማወቁን የምታውቅ። እያንዳንዱ ቤት በሎሚ መጠን፣ ውስጡ ጠጠር ያለበት አንድ የነሐስ ቃጭል እንዲሠራ፣ እሷም ሃምሳውን በአንድ ካባ ላይ ሰፍታ ለብሳው እንድትጨፍር አሰበች።

ሽማግሌው ነሐስ ሠሪ አያ ደምሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የኔ ልጅ፣ ሃምሳ ሎሚ? ትከሻሽን ጠይቀሽዋል?»

«አያ ደምሌ፣ እርስዎ ነሐሱን ያቅልጡልኝ፤ ትከሻው የኔ ነው!»

መንደሩ ሳቀና ሥራ ጀመረ። ወናፉ ተነፋ፣ መዶሻው ጮኸ። አንዱ ቤት በሎሚው ላይ ወፍ ቀረጸ፣ ሌላው የስንዴ ዘለላ፣ ሌላው መስቀል። የሁሉም መልኩ ለየቅል ነበር።

የጥምቀት ዕለት ካባውን ሁለት ሴቶች አንስተው አለበሷት። ፀሐይ ሲያርፍበት ያ ነሐስ ተንቦገቦገና መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። የይርገዱን ልብ ደስታ ሊያፈነዳው ደረሰ። ወደ ጥምቀተ ባሕሩ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ግን አንገቷን ጨመደዳት፤ ሜዳው ስትደርስ ትከሻዋ ደንዝዟል። በገዛ አፏ ያመጣችው ነውና ወደ ጭፈራው መሐል ገባች።

ከበሮው ተመታ። ይርገዱ ትከሻዋን ልትሰብቅ ሞከረች፤ ካባው ንቅንቅ አላለም። ሎሚዎቹ ተጠጋግተው እርስ በርስ ስለተያያዙ ድምፅ እንኳ ነፈጓት።

«ኧረ ይቺ ጨፋሪ ናት ወይስ ጨው የጫነች በቅሎ?» አለ አንድ ጎረምሳ። ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ወላጆቹ ፊታቸውን ወደ ማዶዎቹ ልጃገረዶች አዞሩ።

ጓደኛዋ ብርቄ ክንዷን ያዘቻት። «በይ አውልቂውና እንሂድ፤ ዘንድሮም አለፈን።»

ይርገዱ አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዞር ስትል የመንደሯን ሴቶች አየች። ሁሉም ለጥምቀት ለብሰዋል፣ ሁሉም ትከሻ አላቸው፣ ሁሉም እጃቸውን አጣምረው እሷን ብቻ ያያሉ።

«የት ነው የምሄደው! ኑ፣ ኑ! ሁላችሁም የየቤታችሁን ሎሚ ውሰዱ!»

ካባውን መሬት ዘረጋችና ክሩን በጥርሷ ትበጥስ ጀመር። ሴቶቹ ተሻሙ። «ወፏ የኛ ናት!» «ስንዴውን ወዲህ በይ!» ከነጠላቸው ዘርፍ ክር እየመዘዙ አንገታቸው ላይ አሰሩት። ለይርገዱ የቀራት የራሷ ቤት አንዲት ሎሚ ብቻ ነበረች።

ከዚያማ ምን ይነገራል! ሃምሳ ትከሻ አንድ ላይ ሲሰበቅ ሃምሳው ሎሚ ጮኸ፤ ከበሮ መቺው እንኳ ደንግጦ ምቱን አፈጠነ። የማዶዎቹ ልጃገረዶች ጭፈራቸውን አቁመው ሊያዩ መጡ። ይርገዱ ቀለላት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም ጨፈረች። «ይህን የሠራው ማነው?» ይላል አንዱ ወላጅ፤ «እኛ!» ይላሉ በአንድ አፍ። «ለልጄ ሠርግ ትሠሩልኛላችሁ?» ትላለች አንዷ እናት፤ ሌላዋ ገፍትራት ትቀድማለች።

ያ ጎረምሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ወደ አያ ደምሌ ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ቅድም ያቺን ልጅ ያጎበጣት ጭነት የት ገባ?» አላቸው።

አያ ደምሌ ዓይናቸውን ከጭፈራው ሳይነቅሉ፣ «የትም አልገባ ልጄ፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» አሉት።