ጎንበስ ያለ ሰው

ተረት ተረት! «የላም በረት» ብላችሁ ከመለሳችሁልኝ፣ እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ውሻ በረት ነው።

አንዲት ደግ ሽመላ በበጎ ፈቃዷ ባሕር ተሻግራ መጣችና፣ ጎዳና ላይ የወደቁ ውሾችን ሰብስባ በአንድ አሮጌ በረት ታኖር ጀመር። ክረምት ሳይገባ ወደ አገሯ ትመለሳለች። እስከዚያ ጌታ ያላገኘ ውሻ የጅብ ራት ነው።

ውሻ ፈላጊ ሰው አልጠፋም። ግን የመጣው ሁሉ ሊደባብሳቸው ጎንበስ ሲል፣ ውሾቹ ጭራቸውን ሸጉጠው እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ሰውየውም አዝኖ ይመለሳል።

ሽመላ ቢቸግራት የውሾቹን ሽማግሌ ቡሬን ጠርታ፣ «አያ ቡሬ፣ ሰው ሊወዳችሁ ሲመጣ ምን ነካችሁ?» አለችው።

«እመት ሽመላ፣ አንቺ ለአገሩ እንግዳ ነሽ» አላት። «እኛ ሰው ጎንበስ ሲል የምናውቀው ድንጋይ ሲያነሳ ነው።»

«ዛሬ የመጣው ሰውዬ እኮ ባዶ እጁን ነበር!»

«ሁሉም ጎንበስ የሚለው ባዶ እጁን ነው።»



በማግስቱ ሌላ ሰው መጥቶ ጎንበስ አለ። ሁሉም ሲሸሹ አንዲት ዓይነ ስውር ቡችላ ብቻ ከተኛችበት አልተነቃነቀችም። ሰውየው ጀርባዋን ዳበሰና አቅፎ ወደ ቤቱ ይዟት ሄደ። ቡሬ ከአጥሩ ጥግ ሆኖ እስኪሰወሩ ድረስ ተመለከታቸው።

ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ውሾቹ እየተንቀጠቀጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቡሬም እንኳ አንዱን ዓይኑን ጨፍኗል።

ተረቴን መልሱ፤ አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ግን ለቡሬ አድርጉት። ስትሰጡት ጎንበስ አትበሉ።