በመዓዛ የሚያስኬድ መንገድ

አንድ ባለጸጋ ነበረ፤ የሚወዳት ሚስቱ ዓይኗ ጠፋባት።

ይልቃል፣ ይህን የምነግርህ ስለ እናትህ ስለጠየቅኸኝ ነው። «የኔታ፣ ከአገሯ አምጥቼ ያማረ ቤት ውስጥ አስቀመጥኳት፤ የጎደለባት የለም፤ ታዲያ ፊቷ ለምን አይፈታም?» ብለኸኛል። እንግዲህ ስማ።

ሴትዮዋ ዓይኗ ሳይጠፋ በግቢው መዘዋወር ትወድ ነበር፤ ከጠፋ በኋላ ግን ከቤት አልወጣ አለች። ባሏም «ከደጃፉ እስከ አጥሩ በር ያለውን መንገድ ግራና ቀኙን አበባ ብተክልበት ትወጣልኛለች» ብሎ አሰበ። በዓመቱ ደርቆ የሚቀረውን አልፈለገም። ሐዘኗ የአንድ ክረምት አይደለምና ሥሩ ከርሞ ዓመት ባመት የሚያቆጠቁጠውን መረጠ። ቀዩን ጽጌረዳ፣ ቢጫውን፣ ሐምራዊውን አበባ ከየስፍራው አስመጣ። መስከረም ሲጠባ መንገዱ ቀስተ ደመና ወርዶ የተኛበት መሰለ። አላፊ አግዳሚው እየቆመ ያደንቅ ጀመር።

«ነይ እንጂ፣ ላንቺ እኮ ነው የተከልኩት» አላት።

ደስ ይበለው ብላ ወጣች። ጥቂት እንደሄደች የጽጌረዳው ሽታ ቢጠራት እጇን ሰደደች፤ እሾሁም ወጋት። «እንዴት ያምራል!» አለችና እጇን በነጠላዋ ሸፈነች። በነጠላው ላይ ደም ብቅ ሲል ሰውዬው አየ። እሷን አስገብቶ ሲያበቃ ብቻውን ተመለሰ፤ ዓይኑን ጨፍኖ መንገዱን ሄደበት። ያ ሁሉ ቀለም ጠፋ። የት እንደደረሰ እንኳ ማወቅ አቃተው፤ እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

ከዚያ በኋላ በየጎረቤቱ ጓሮ እየገባ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ ቅጠል ያሻሽ፣ ያሸት ጀመር። «ምን ነካው?» ተባለ። እሱ ግን ጽጌረዳውንም ሌላውንም አበባ ነቅሎ በደጃፉ ጤና አዳም፣ በመካከል ጠጅ ሳር፣ በአጥሩ በር አጠገብ አሪቲ ተከለ። አላፊው ቆሞ የሚያየው አንዳች ነገር አልነበረም።

ክረምቱ አልፎ፣ ጉም ግቢውን በሞላበት አንድ ማለዳ፣ ሰውዬው ሚስቱን ከጎኑ አጣት። ደንግጦ ቢወጣ፣ ድምጿን ከጉሙ ውስጥ ሰማ። ቀሚሷ ጤዛ ለብሶ፣ አጥሩ በር ላይ ቆማ ከጎረቤቷ ጋር እየተጫወተች ነበር።

«ማን መርቶሽ መጣሽ?» አላት።

«ቅጠሎቹ» አለችው፤ «ቀሚሴ በነካቸው ቁጥር የት እንዳለሁ ነገሩኝ። ደግሞ እነሱን እነሱን ይሸት የነበረው እጅህ የት እንደነበረም አወቅሁ።»

አንተም ይልቃል እንደዚያ ባለጸጋ ነህ። ፍቅርህ ሐሰት አይደለም፤ ግን ለእናትህ ቤት የመረጥክላት በራስህ ዓይን ነው። እሷ የምትናፍቀው ጠዋት እንደምን አደሩ የምትለው ሰው ይሁን፣ በእጇ የምትኮተኩተው መሬት ይሁን፣ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። ስለዚህ እኔን መጠየቁን ተውና ዛሬውኑ ሂድ፤ ከአጠገቧ ተቀመጥና እሷን ጠይቃት።