ሐጂ ሱሩር ሊቀጥሉት የነበረው ክፍል

…ቆዩማ፣ ሳቄን ልጨርስ። ግንበኛው ከሊል ሲባጎውን ወገቡ ላይ እንዳሰረ፣ ችካሎቹ ከኋላው እየተንቀጫቀጩ፣ አንድ ጫማውን ጥሎ በጠራራ ፀሐይ ቁልቁል ሲሮጥ ያየ ሰው እንዴት አይስቅ? ውሃ የሚቀዱት ሴቶች «ከሊል፣ ቤቱን ይዘኸው ሄድክ እንዴ?» እያሉ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ሲንከተከቱ ዋሉ። ግን ይሄ ምኑም አይደለም፤ ዋናው ከኋላ ነው። እሱ ሲመጣ ሳቁ ይቆማል።

ነገሩ የሆነው ከድሮዎቹ ከተሞች በአንዷ ነው፤ ስሟን ተዉት። ግንቧ ያረጀ፣ መንገዷ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ መስጂዷ ከቤቶቹ ሁሉ ዝቅ ብሎ ታች የተቀመጠ ከተማ ናት። እዚያ ሐጂ ሱሩር የሚባሉ ኪታብ ጠራዥ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ገጹ የተበታተነ ኪታብ ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው በራቸው ላይ ተቀምጠው በወስፌ እየበሱ፣ በክር እየሰፉ እንደ አዲስ ያደርጉታል። ከእጃቸው ሙያ ይልቅ ግን የታወቁት በአማና ነው። ሐጅ የሚሄድ፣ አገር አቋርጦ የሚነግድ ሁሉ የሚሳሳለትን ነገር እሳቸው ዘንድ አስቀምጦ ይሄዳል። አንዱ ማበጠሪያ አስቀምጦ በሃያ ሁለት ዓመቱ ቢመጣ፣ በጨርቅ እንደተጠቀለለች፣ ሁለት የራስ ጠጉሮቹ ከጥርሷ ሳይወድቁ አስረከቡት። ሰውየው ራሰ በራ ሆኖ ነበር የመጣው። ይሁንና አማና አማና ነው።

የሐጂ ቤት አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት። ልጃቸው ፈቲያ ባሏ ሞቶባት በሱ ዘመዶች ቤት የሐዘኑን ዒዳ ተቀምጣለች፤ አራት ወር ከዐሥር ቀኑ ሲያልቅ ሦስት ልጆቿን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች። የሐጂ ሚስት መኪያ ጠዋት ጠዋት በሙስበሃዋ የቀረውን ቀን ትቆጥራለች። ዐሥራ ስምንት ቀርቷል።

«ቤቱን መቀጠል ነው» ትላለች።

«ድንጋይ አለ፣ እንጨት አለ፣ በቅሎዋ ትሸጣለች። ይሄ ሁሉ ያዋጣል ወይ?» ይላሉ ሐጂ።

«ኧረ አንቱ፣ አራት ነፍስ ጓዳ ውስጥ እንደ ነጭ ሽንኩርት ጉንጉን ላንጠልጥል?»

ከግድግዳቸው ጎን ስምንት ክንድ የምትሆን ባዶ መሬት አለች። በሷ ላይ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ከጎረቤታቸው ከጋሽ ይማም ጋር ተካሰው፣ ቃዲው ለሐጂ ፈርደዋል። ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ነው። ጋሽ ይማም «ሐቁ የሱ ከሆነ ይሁን» ብለው ፍርዱን ተቀበሉ፤ ለዙሁር ሶላት ወደ መስጂድ ሲወርዱ ግን በዚያችው መሬት ማለፋቸውን አልተዉም። ዓምና አላህ ወሰዳቸው። እንግዲህ የሚያልፍባት የለም ተብሎ ነው ከሊል ከሌላ አገር ተጠርቶ መጥቶ ችካል የተከለው።

በመጀመሪያው ቀን ቀትር ላይ ከሊል ሲባጎ ሲወጥር፣ ከጆሮው ሥር አንድ ድምፅ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለው። እሱም ደስ ብሎት «ወዓለይኩሙ ሰላም» ብሎ ዞረ። ማንም የለም። በሁለተኛው ቀን በዚያችው ሰዓት ድምፁ ተመለሰ። ያኔ ነው የሮጠው። መኪያ ተከትላው ወርዳ ከምንጩ ዳር ደረሰችበት።

«ሁለቴ መለስኩለት» አላት። «መለስኩለት፤ አይሄድም። የኔን መልስ አልፈለገውም። እዚሁ አጠገቤ ቆሞ ይተነፍሳል።»

መኪያ ሲባጎውን ከወገቡ ፈታች፤ ችካሎቹን ሰብስባ ተመልሳ ራሷ በድንጋይ እየመታች ከነበሩበት ተከለቻቸው።

«ጂን ከሆነ አያተል ኩርሲ ይቀራበታል» አለች። «ጫማውን ለጣለ ግንበኛ ብዬ ልጄን ሜዳ ላይ አላስተኛም።»

ሐጂ የከሊልን ጫማ አንስተው አቧራዋን አራገፉ። «ሰላምታ አቅርቦ መልስ የሚጠብቅ ጂን አላውቅም» አሉ። «ነገ እኔ እቀመጥበታለሁ። ቤት ከመሠራቱ በፊት ገብቶ ማየት ነው።»

በማግስቱ ሐጂ ከዙሁር አዛን በፊት በሲባጎው መሃል ምንጣፍ አነጠፉ። ጣሪያ የለ፣ ግድግዳ የለ፤ አራት ችካልና አየር። መኪያ በሩ ላይ ሆና ምስር እየለቀመች ታያቸዋለች። በዚያ ሰዓት ከተማው ዝም ይላል፤ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ዶሮዎቿ መሬቱን ይጭራሉ።

ድንገት መጫር አቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለሰው መንገድ እንደሚለቁ፣ ግማሾቹ ወደዚህ ግማሾቹ ወደዚያ ተከፈሉ።

ቋ… አለ፣ ከዘራ ድንጋይ የነካ የመሰለ። ቋ…

ሲባጎው መሃሉ ላይ ረገብ አለ፤ ሰው በእጁ ዝቅ አድርጎ የሚሻገረው ይመስል። ተመልሶ ሲወጠር ዝዝ አለ። ምስሩ ከመኪያ ጭን ፈሰሰ። ድምፁን ታውቀዋለቻ። ዐሥር ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትሰማው የኖረችው ድምፅ ነው፤ ሻከር ያለ፣ መጨረሻው ላይ የሚጎተት።

«አሰላሙ ዓለይ…ኩም።»

ሐጂ ቀና አላሉም። እጃቸው ግን ማንም ሳያዘው ሄደ። ከጎናቸው ካለው ጥቅል የክሩን ጫፍ መዘዘና በከንፈራቸው መሃል አደረገው። ጠራዥ ሲሰፋ ክሩን በከንፈሩ ይይዛል፤ ክር የያዘ አፍ ደግሞ አይናገርም፤ ይሄን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሐጂ እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ አዩት። ክሩን ሊያወጡ ቢሉ ከደረቀው ከንፈራቸው ጋር ተጣብቋል።

ያ ነገር ፊታቸው ቆመ። ዶሮዎቹም እንደተከፈሉ ቆሙ። መኪያ ከበሩ ሆና የሚተነፍሰውን ትሰማለች፤ እስትንፋሱ እንደ ሽማግሌ ያጥራል። ቁጣ የለበትም። ይጠብቃል እንጂ። በመጨረሻ ከታች አዛን ሲሰማ ሲባጎው ላላ አለ፣ ዶሮዎቹም ወደ ጭረታቸው ተመለሱ።

ሐጂ ሰግደው ሲመለሱ መኪያ ምስሩን ከአፈር እየለየች ነበር።

«መኪያ።»

«አቤት።»

«ይማም በዚህ ሲያልፍ ሰላምታውን እመልስለት ነበር?»

«ክር ከአፍዎ ነበር» አለች። እውነት ነው፤ ውሸት የለበትም።

«ከጭኔ ላይስ ኪታብ ነበር?»

የመኪያ መልስ አንዲት ቃል ናት። ነበር ካለች ግድግዳው ይቆማል፤ ፈቲያም ልጆቿም ጣሪያ ያገኛሉ። የትንሹ ልጅ እግር በክረምት እንደሚበርድ ትዝ አላት። የቀረውም ቀን ዐሥራ አምስት ነው። ከምስሩ አንዲት ጠጠር አውጥታ ጣለች።

«አልነበረም» አለች። «ሲመጣ ሲያዩት ነው ክሩን የሚያነሱት። ሁልጊዜ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሚያውቁ መስሎኝ።»

ሐጂ ኩታቸውን ደረቡና ከተካሰሱ ጀምሮ ወዳልረገጡት ደጅ ሄዱ፤ መኪያም ከኋላ። የጋሽ ይማም ባልቴት እትዬ ዘሃራ በሩን ሲከፍቱ ከዘራ ይዘዋል።

«እትዬ ዘሃራ፣ አፉ በሉኝ ልል መጣሁ።»

«ዘገዩ ሐጂ» አሉ፣ ምንም ሳይደነቁ። «የይማም ከዘራ ናት። ያ ችካል ከተተከለ ወዲህ ከማዕዘኑ አስደግፋታለሁ፣ ዙሁር ላይ በሩ ሥር ቆማ አገኛታለሁ። እጄ ዛለ በማስቀመጥ።»

ሐጂ ተቀመጡ። ስለ ክሩ ሁሉንም ተናገሩ፣ አንድም አላስቀሩ።

«እሱ እንደሁ ያውቅ ነበር» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ሊሞት ሲል ምን አለኝ መሰለዎት? ‹ሱሩር የአማና ሰው ነው። እሱ ዘንድ የተቀመጠ አይጠፋም። ሰላምታዬ እሱ ጋ አለች፤ አንድ ቀን ይመልሳታል› አለኝ። ትኩሳቱ ነው የሚያስለፈልፈው ብዬ ውሃ ሰጠሁት። እና እኔ ምኑን አፉ ልበል? ባለቤቱ ራሱ እየመጣ አይደል? ለሱ ይመልሱለት።»

«ነገ እመልሳለሁ» አሉ ሐጂ። «ችካሉንም እነቅላለሁ። መንገዱ መንገድ ሆኖ ይቀራል።»

መኪያ ይሄን ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ያቺ አንዲት ቃል የልጇን ቤት አፈረሰቻ።

እትዬ ዘሃራ ዞር ብለው አዩዋት። «አንቺ ምን ሆንሽ?»

«ፈቲያ ከነልጆቿ ልትመጣ ነው። ማስገቢያ የለኝም።»

«የይማም ክፍል ተቆልፎ አይጥ ይጨፍርበታል፤ ልጆቹ ይምጡና አይጦቹን ያስወጡልኝ። እንኳንም መንገዷን አልዘጋችኋት። ምሳ ሰዓት ወዳንቺ የሚሮጡት በምን አልፈው ሊሆን ነው፣ በጣሪያ?»

በማግስቱ ሐጂ ያለ ክር ተቀመጡ። ዶሮዎቹ ዝም አሉ፣ ተከፈሉ። ቋ… ቋ… ሲባጎው ረገበ። ሰላምታው መጣ።

ሐጂ ብድግ አሉ። «ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ይማም» አሉ። ከዚያ ዝቅ ብለው «አፉ በለኝ» አሉ።

ረጅም እስትንፋስ ተሰማ፤ ሸክሙን ያወረደ ሰው የሚተነፍሰው ዓይነት። ቋ… ቋ… እያለ ቁልቁል ወደ መስጂዱ ወረደ። ሐጂ ባዶውን መንገድ ከኋላው ተከተሉት። መኪያ አሻግራ ስታይ ባሏ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚተው ሁሉ ወደ ግንቡ ጥግ ጥጉን ነበር የሚሄዱት። መስጂዱ በር ሲደርስ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲያ ከዘራዋ ከማዕዘኗ አልተነሳችም። የሟች ሩሕ ይሁን ጂን ይሁን ሌላ፣ ወላሁ አዕለም፤ አላህ ያውቃል። ሰላምታ መጀመር ሱና፣ መመለስ ግን ግዴታ መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ባለቤቱ ከሞተ በኋላ ደጅ ድረስ መጥቶ እንደሚጠይቃት ግን ማን ያስባል?

እኛ እኮ ቤት ስንቀጥል ድንጋዩን እንጠይቃለን፣ እንጨቱን እንጠይቃለን፣ «ያዋጣል ወይ» ብለን ግንበኛ እናማክራለን። መሬቱ ላይ ማን ቆሞ እንደሚጠብቀን የሚጠይቅ የለም። ሐጂ ሱሩርም ቢሆኑ ያን ሁሉ የሰው ዕቃ በጨርቅ ጠቅልለው ሲጠብቁ፣ አፋቸው ውስጥ ያለውን ሳያዩት ኖሩ። መኪያ ባትናገር ደግሞ ዛሬም ባላዩት ነበር።

ዒዳው ሲያልቅ ፈቲያ መጣች፤ ያመጣቻትም ያችው ያልተሸጠችው በቅሎ ናት። ልጆቹ በዚያች መንገድ ላይ ሲሯሯጡ ከሊል አንገቱን ብቅ አደረገ፤ ለካ ጫማውን ፈልጎ ነው። ሐጂ ከሳጥናቸው አወጡለት፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላለች። ከሊል አፍሮ እያጠለቃት «ሐጂ፣ ክፍሉን የተዉት ወጪው ከብዶዎት ከሆነ በትንሽ ድንጋይ ልጨርስልዎ እችላለሁ» አለ።

ሐጂ ልጆቹን እያዩ እንዲህ አሉት፦

«ወጪውስ ከብዶኝ ነው። የሰውን አማና ሁሉ መለስኩ እያልኩ የይማምን ሰላምታ ዐሥር ዓመት ከክር ጋር ሳኝክ ኖሬያለሁ፤ ግድግዳ ደግሞ ብጭንባት ኖሮ በምን አወጣት ነበር?»